የጧፍ ሠሪዋ ሞክሼ

ሸጌ ፖለቲካ አትወድም ነበር። አንዲት ፖለቲከኛ ግን ትወድ ነበር፤ ያውም እንደ እኅቷ። ሬዲዮኑ የሌላውን ባለሥልጣን ንግግር ሲያመጣ «ደግሞ ጀመራቸው» ብላ ፊቷን ወደ ሰሟ ትመልሳለች። «ክብርት የትናየት ወልደ ጊዮርጊስ» የሚል ድምፅ የሰማች እንደሆነ ግን በእጇ የያዘችው ፈትል ባለበት ይቆማል፤ የቀለጠው ሰም እስኪረጋ ድረስ አዳምጣ ነው የምትነሣው። ሰም ከረጋ እንደገና እሳት ማንደድ ነው። እንጨት በላሊበላ ምን ያህል እንደተወደደ የሚያውቅ ሰው ይህን ፍቅር ቀላል ነው አይልም።

ጧፍ ሠሪ ናት። ከእናቷ የወረሰችው ሙያ ነው። ጥጡን ትፈትላለች፣ ፈትሉን ትገምዳለች፣ የንቡን ሰም አቅልጣ የተገመደውን እየነከረች በመዳፏ ታሻሸዋለች፤ ቀጥ ያለ፣ ሲበራ የማይንጠባጠብ ጧፍ ይወጣታል። ሱቋ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ በሚወርደው ቁልቁለት ዳር ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ከጦርነቱ ወዲህ ፈረንጁ ቢቀንስም ምእመኑ አልቀረም፤ ለገና ከየአገሩ የሚጎርፈው ሰው የሸጌን ጧፍ ሳይዝ ቁልቁለቱን አይወርድም። ዕድሜዋ አርባ አንድ ነው፤ ጭሱና ፀሐዩ አምሳ አስመስሏታል።

ፖለቲከኛዋን የምትወድበት ምክንያት ለሰው ሲነገር ያስቃል። ሞክሼዋ ስለሆነች ነው።

«ሸጌ» እናቷ ያወጣችላት የቤት ስም ነው። ጎረቤቱም ባሏም የሚጠራት በዚሁ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያዋ እንኳ ሸጌ ነው የሚለው። አባቷ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ግን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግባት የትናየት ብሎ ነበር። ያ ስም ስምንት ዓመት ሙሉ በመምህራን አፍ ሲጠራ ቆየ፤ ትምህርቱ ሲቀር እሱም ቀረ። ስለዚህ አንድ ቀን ስሟን ከነአባቷ ስም በሬዲዮ ስትሰማው «አቤት!» ብላ ከዱካዋ ልትነሣ ምንም አልቀራት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል፣ የላስታ ተወላጅ ይላል ሬዲዮኑ። ላስታ ሰፊ ነው፤ ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል አባትም በየሸንተረሩ ሞልቷል። ከአንዱ የተወለደች ዕድለኛ ትሆናለች ብላ አሰበች፤ ከልቧም ደስ አላት።

አጠገቧ መቁጠሪያና መቋሚያ የምትሸጠው ሰርክአዲስ ይህን ካወቀች ወዲህ ሸጌን ለቀቅ አድርጋት አታውቅም።

«ሞክሼሽ ዛሬ ደግሞ ምን አለች?»

«ሴት ልጅ ሳትደርስ የዳረ ይታሰር አለች።»

«እንዲያማ ከሆነ አባትሽ ወኅኒ ነበሩ በይኛ!»

«አባቴን ተይልኝ፤ ነፍሱን ይማረው።»

«ደግሞ የትናየት ነኝ ትያለሽ። እስቲ ማስረጃ አምጪ!»

ማስረጃ የላትም። ስሟ እውነት መሆኑን የሚያውቁት እናትና አባቷ ሞተዋል። ሰርክአዲስ ስትስቅ እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

የሞክሼዋን ኑሮ ግን ከጋዜጠኛ በላይ ታውቀዋለች። በ2002ቱ ምርጫ ገና በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ያውም ሕግ ተምራ፣ ከሌላ ከተማ ተወዳድራ ምክር ቤት ገባች። የመጀመሪያውን ዘመን አፏን ሳትከፍት ጨረሰችው፤ ሸጌ «ምን ነካት? አሳፈረችኝ» እያለች ተንገበገበች። በሁለተኛው ዘመን ስለ ሴት ልጆች ጋብቻ ስትናገር አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሬዲዮው ያንን ንግግር ለሳምንት እየደጋገመ አሰማው። በ2011 ሚኒስትር ዴኤታ ሆነች። የገጠር ተማሪዎች ማደሪያ አስገነባች። ባል አላገባችም። ጋዜጠኛ «ወደ ትውልድ አገርዎ ለምን አይሄዱም?» ብሎ በጠየቃት ቁጥር «ሥራ በዛብኝ» ትላለች፤ ሸጌ የምትቀየማት በዚህ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ልጇ እድላዊት እንግዳ ተቀባይ ሆና በምትሠራበት ሆቴል በቴሌቪዥን አየቻት፤ መነጽር ያደረገች፣ ግራጫ ኮት የለበሰች፣ ፊቷ የሞላ ሴት። «ደከም ብላለች» አለችና ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ አንድ ጧፍ አበራችላት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በማርያም ዕለት ሳታበራላት ውላ አታውቅም።

እድላዊት ያደገችው «ሞክሼዬን አታይም?» እየተባለች ነው። ከዚያ ጋር ደግሞ አንድ ሌላ ታሪክ እየሰማች፤ የግራ እጁን ታሪክ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ 1990 ዓ.ም. ነበር፤ ሸጌ አሥራ አራት ዓመቷ፣ አገሯ ከብልባላ ወጣ ብሎ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው እናቷን ስታግዝ የፈላው ሰም ቀኝ እጇ ላይ ተገለበጠ። መዳፏ ተላጠ። እናቷ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ «በቃ፣ ዘንድሮ ቀረብሽ» አለቻት። እሷ ግን በከሰል ስባሪ ምድጃው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጋን ላይ ሳይቀር በግራ እጇ ፊደል ስትጭር ሦስት ቀን ዋለች። ፊደሎቹ መጀመሪያ እንደ ሰካራም ተንገዳገዱ፣ በሦስተኛው ቀን ቆሙ።

ፈተናውን አብራት የምትፈተን አንድ ባልንጀራ ነበረቻት፤ ጥሩነሽ ትባላለች። አባቷ ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። ፈተናውን እንዲያልፉ ብለው ሁለቱም ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቁ። አጥማቂው ቄስ ልጆቹን የሚጠሩት በክርስትና ስማቸው ነው፤ ሸጌን «ወለተ ሐና!»፣ ጥሩነሽን «አመተ ሥላሴ!» ይሏቸዋል። ያ ትልቅ ስም በዚያች ቀጭን፣ በብርድ በምትንቀጠቀጥ ልጅ ላይ ሲያርፍ ሸጌን ሳቅ ያፈናት ነበር። የተፈተኑ ዕለት ጥሩነሽ ከኋላዋ ተቀምጣ፣ ያንን በጨርቅ የተጠቀለለ እጅና የሚጽፈውን ግራ እጅ ስታይ ዋለች።

ነሐሴ ላይ ውጤት መጣ ተባለ። አባቷ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ተመለሰ። አህያውን አራገፈ፣ ኮርቻውን ሰቀለ፣ ፊቷን ሳያያት «ስምሽ የለም» አለ። በዚያው ሳምንት የጥሩነሽ ቤተሰብ ወደ ደሴ ተዛወረ፤ ልጅቱ ደህና ሁኚ እንኳ አላለቻትም። ጥር ላይ ሸጌ ለደሳለ ተዳረች። ደሳለ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዛሬም አብረው አሉ። ጥሩነሽ ግን ዓረብ አገር ሄደች ሲባል ቆይቶ ወሬዋ ጠፋ።

ሸጌን ሃያ ሰባት ዓመት የበላት መዳሩ አይደለም። መውደቁ ነው። ያን ሁሉ ተጨንቃ፣ በግራ እጇ ጽፋ፣ ወረቀቱን ስትመልስ በልቧ «አልፌያለሁ» ብላ ነበርና ከዚያ ወዲህ ልቧን ማመን ተወች። መቶ ሃምሳ ጧፍ በዓይኗ አይታ ትቆጥራለች፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን አታምነውም፣ አንድ በአንድ እንደገና ትቆጥረዋለች። እድላዊት ተማሪ ሳለች የሒሳብ ጥያቄ ስትጠይቃት መልሱ ወዲያው ይመጣላታል፤ «እኔ እንጃ፣ እኔ የወደቅሁ ነኝ፣ መምህርሽን ጠይቂ» ትላለች። ልጅቱ መምህሩን ትጠይቃለች፣ መልሱ እናቷ ያሰበችው ይሆናል።

እንግዲህ ዘንድሮ ግንቦት ላይ ሬዲዮው ክብርት የትናየት ወልደ ጊዮርጊስ ባደረባቸው ሕመም ዐረፉ አለ። አርባ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ሥርዓተ ቀብራቸው በኑዛዜያቸው መሠረት በላሊበላ ይፈጸማል።

ሸጌ ሰሙን እሳት ላይ እንደተወችው አለቀሰች። ሰርክአዲስ ልትቀልድ አፏን ከፍታ እንደገና ዘጋችው፤ መጥታም አጠገቧ ተቀመጠች። አንድ ቀን እንኳ ዓይን ለዓይን ላልተያየችው ሰው እንደዚህ መንሰቅሰቅ ምን ይባላል? ሸጌ ራሷም አላወቀችም። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ ሳትነካ አርባ ጧፍ ሠራች፤ ከምርጥ ሰም፣ እያንዳንዱን እንደ ክር ቀጭን አድርጋ።

አስከሬኑ በአውሮፕላን መጣ። ከተማው ዳር ወዳለው ደብር የሄደው ሕዝብ ቁልቁለቱን ሞላው፤ ጥቁር ልብስ የለበሱ ባለሥልጣናት፣ ካሜራ የያዙ ሰዎች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ የአገር ሴቶች። ሸጌ ጧፎቿን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከእድላዊት ጋር ከሴቶቹ መካከል ቆመች። ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ አንዲት አሮጊት ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሟች እናት ናቸው ተባለ።

በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ሳጥኑ ወደ ግቢው ወጣ፤ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ማይክራፎን ያዘ።

«አሁን የክብርት የትናየትን የሕይወት ታሪክ አነባለሁ። በሕመም ላይ ሳሉ በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው። አንድ ቃል እንዳይለወጥ ስለተናዘዙ እንዳለ ነው የማነበው።»

ወረቀቱን ዘረጋ።

«የትናየት ወልደ ጊዮርጊስ በ1976 ዓ.ም. ብልባላ አካባቢ ተወለደች። አባቷ ገበሬ ነበር።»

ሸጌ ፈገግ አለች። ብልባላ! ያገሯ ልጅ ኖራለች ለካ! ለመሆኑ የየትኛው ወልደ ጊዮርጊስ ልጅ ናት? ብላ በሐሳቧ ሰፈር ለሰፈር መዞር ጀመረች።

«ስድስት ዓመት ሲሞላት ትምህርት ቤት ገባች። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው የፈላ ሰም ቀኝ እጇ ላይ ፈሰሰ።»

ሸጌ መዞሯን አቆመች።

«ሌላ ልጅ ቢሆን በቃኝ ብሎ ይቀር ነበር። እሷ ግን በሦስት ቀን ውስጥ በግራ እጇ መጻፍ ተማረች። በከሰል ግድግዳ ላይ፣ ጋን ላይ እየጻፈች። በግራ እጇ ተፈተነች። ከወረዳው ተማሪ ሁሉ አንደኛ ወጣች።»

ከዚያ በኋላ የተነበበውን ሸጌ አልሰማችውም። ደሴ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ምክር ቤት አለ፤ ቃላቱ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ወረዱ። እድላዊት ከጎኗ «እማዬ» አለች። የእናቷን ቀኝ እጅ ይዛ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ገልጣ፣ የተኮማተረውን መዳፍ እያየች ቀረች። ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ ታውቀዋለች። የጋኑን ነገር ሳይቀር ታውቀዋለች።

ጉድ ነው! ሰው በሕይወት ቆሞ የገዛ ሕይወቱ በሌላ ሰው ሬሳ ላይ ሲነበብ ይሰማል? ሸጌ መጀመሪያ ያሰበችው ሰው ነገሯት ይሆናል ብላ ነው። ማን ይነግራታል? ለማንስ ነግራ ታውቃለች፤ ለልጇ ብቻ። ደግሞ ሌላም ልጅ እጇን ሰም አቃጥሏት ይሆናል አለች። ይሁን፤ ጋን ላይስ የጻፈች ልጅ ስንት አለች? ካስደነገጧት ሁሉ የባሰው ግን አንድ ቃል ነበር፤ አንደኛ። ከወረዳው ሁሉ አንደኛ። ይህን ለማን ነው ያሉት?

ሳጥኑ ወደ ጉድጓዱ ተወሰደ። መሪጌታ ተክለ ሚካኤል፣ የደብሩ ሽማግሌ፣ የመጨረሻውን ጸሎት ለማድረስ ቀረቡ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰው በዓለም ስሙ አይሸኝም፤ በክርስትና ስሙ ነው። በምክር ቤት ምንም ተባለ ምን፣ በሬዲዮ ምንም ተባለ ምን፣ እዚህ ላይ ሲደርስ እናት እውነተኛውን ስም ለካህኑ ትሰጣለች። ፈጣሪን ማን ያታልላል? መሪጌታው ጎንበስ ብለው አሮጊቷን አንድ ነገር ጠየቁ፤ አሮጊቷ ከነጠላቸው ውስጥ መለሱ። መሪጌታው ቀና አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የእኅታችንን የአመተ ሥላሴን ነፍስ አሳርፍ አሉ።

ለሌላው ሰው ምንም አልመሰለውም። የክርስትና ስም እንደሁ ሁሌም ሌላ ነው። ሸጌ ግን የጠበሉ ውኃ ጀርባዋ ላይ የወረደባት ያህል ደርቃ ቀረች። አመተ ሥላሴ! ቀጭኗ ልጅ፣ በብርድ የምትንቀጠቀጠው፣ ከኋላዋ ተቀምጣ ግራ እጇን ስታይ የዋለችው። አሮጊቷን አየች፤ ነጠላው ከፊታቸው ትንሽ ሸርተት ብሏል። እትዬ ሰብሌ ናቸው፤ የጥሩነሽ እናት። አርጅተዋል እንጂ እሳቸው ናቸው።

በየወሩ ጧፍ ስታበራላት የኖረችው ሞክሼዋ ጥሩነሽ ናት!

አፈሩ ሲመለስ፣ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ሸጌ አላለቀሰችም። ያመጣችው ጧፍ በብብቷ ስር ተጨምቆ ተጣመመ። እድላዊት «ወደ ቤት እንሂድ» አለቻት። «አንሄድም» አለች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቴ ሳታስብ የተናገረችው ቃል ይመስለኛል።

ከግቢው ውጭ ድንኳን ተተክሏል። እትዬ ሰብሌ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ለቀስተኛው እየተራ ቀርቦ እግዚአብሔር ያጽናዎት ይላል። ሸጌ ተራዋ ሲደርስ ከፊታቸው ተንበረከከች። ቀኝ መዳፏን ዘረጋችላቸው።

አሮጊቷ መዳፉን አዩ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«መጣሽ» አሉ በሹክሹክታ። «ትመጣለች ብላኝ ነበር።»

«እትዬ ሰብሌ፣ እኔ አልፌ ነበር?»

እስቲ አስቡት! ስሟ ተወስዶ፣ ሕይወቷ ተወስዶ፣ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ጥያቄ ይህ ነው።

«አንደኛ ነበርሽ፣ ልጄ። የኔዋ ወድቃ ነበር። አባቷ ይህን ከሰማ ገደላት ብዬ እኔም ፈራሁ። ሲሰማ ግን እንደፈራሁት አልመታትም፤ መላ ፍለጋ ተነሣ።»

«የውጤት ካርዴ እንዴት እጃችሁ ገባ? ትምህርት ቤቱ ነው የሰጣችሁ?»

እትዬ ሰብሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይቅርብሽ።»

«ይንገሩኝ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ቀርቶብኛል።»

«አባትሽ ነው።»

ሸጌ እጇን ልትነጥቅ ሞከረች፤ አሮጊቷ አለቀቋትም።

«ከትምህርት ቤቱ ሲመለስ በኛ ደጅ አለፈ። ካርዱ በእጁ ነበር፤ ስምሽ አለበት፣ ያን ጊዜ ፎቶ የለውም። ባለቤቴ እያለቀሰ ለመነው።»

«ምን ሰጣችሁት?» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ዞር አሉ። «አባቴ ምን ተቀብሎ ሰጣችሁ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አልተቀበለም፣ ልጄ። ሚካኤል ምስክሬ ነው። ‹የኔዋ ታጭታለች፤ ካርዱ ምን ያደርግላታል? ለምትማረው ይሁን› አለና እጁ ላይ አኖረለት። ግባ ስንለው ቤት እንኳ አልገባም፤ መሽቶብኛል ብሎ ሄደ።»

ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ዱላ አለ? ሸጠሽ ብትባል ችግር ነው ትል ነበር፤ ያ ዓመት ክፉ ዓመት ነበር። አታለሉት ብትባል የዋህ ነው ትል ነበር። አባቷ ግን ትርፍ ዕቃ ለጎረቤት እንደሚሰጥ ሰው በፈገግታ ሰጥቶ ወደ ቤቱ ገባ፣ አህያውን አራገፈ፣ ኮርቻውን ሰቀለ፣ ስምሽ የለም አላት። ሸጌ በየዓመቱ ሙት ዓመቱን ታወጣለታለች፤ ነፍሱን ይማረው ሳትል ስሙን ጠርታ አታውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ የተማረው የማን ነፍስ ነው? ተቆጣች። እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም፤ የምትቆጣው ሰው ደግሞ ከመሬት በታች ነው።

«እሷስ?» አለች። «ሬዲዮው በእጇ፣ ሥልጣኑ በእጇ፣ አንድ ቀን እንኳ...»

«ፈራች። አገሩን የፈራችው ባንቺ ምክንያት ነው። ልትሞት ስትል ያንን ወረቀት ጻፈች፤ ‹እማዬ፣ ላሊበላ ውሰዱኝ፤ እሷ እዚያ ጧፍ ሠሪ መሆኗን አጠያይቄ አውቄያለሁ፣ ቀብር ላይ አትቀርም፣ ትሰማዋለች› አለችኝ። ይቅር በይን።»

ሸጌ ይቅር አላለችም፤ ይቅር አልልምም አላለችም። የተጣመሙትን ጧፎች ከነጨርቁ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና ተነሣች። «ለአመተ ሥላሴ ያብሩላት» አለች። ይህን ያህል ነበር የቻለችው።

በድንኳኑ በር ላይ ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ በላዩ ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ የሐዘን መዝገብ። ባለሥልጣኑም ገበሬውም ሲወጣ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። መዝገቡን የያዘው ከአዲስ አበባ የመጣ ትሑት ወጣት ነበር። ሸጌ ከእድላዊት ጋር ስትደርስ እስክሪብቶውን በሁለት እጁ አቀበላት። ከኋላዋ ሰርክአዲስ ተሰልፋለች።

ሸጌ ቀበሌ ስትፈርም ሸጌ ብላ ነው፣ ዕድር ስትፈርም ሸጌ ብላ ነው። እስክሪብቶውን መጀመሪያ በቀኟ ያዘችው፣ ቆየችና ወደ ግራዋ አዛወረችው። ከሰኔ 1990 ወዲህ በዚያ እጅ ጽፋ አታውቅም። ጎንበስ አለች፤ ፊደሎቹ እንደዚያን ጊዜው ትንሽ ተንገዳገዱና ቆሙ። ከነአባቷ ስም ጻፈችው።

ወጣቱ አነበበና በአክብሮት ፈገግ አለ።

«እናቴ፣ የሟችን ስም አይደለም የሚጽፉት። የራስዎን ነው።»

«የራሴን ነው የጻፍኩት።»

«ማለቴ...» አለና ዙሪያውን ቃኘ፤ ሐዘን ያናወዛት ሴት መስላዋለች። «ችግር የለም፣ እኔ አስተካክለዋለሁ።» በመስመሩ ላይ ሊሰርዝ እስክሪብቶውን ተቀበላት።

«አትሰርዝ!»

ድምፁ ከድንኳኑ ውስጥ ነው። እትዬ ሰብሌ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ቆመዋል፤ ነጠላው ከራሳቸው ወርዷል። ለቀስተኛው፣ ባለሥልጣኑ፣ ካሜራ የያዘው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አትሰርዝባት፣ ልጄ። ስሙ የሷ ነው። የትናየት እሷ ናት። የኔ ልጅ ጥሩነሽ ትባል ነበር።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሣ። ሰርክአዲስ መዝገቡን አየች፣ ሸጌን አየች፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። እድላዊት የእናቷን ክንድ ያዘች። ሸጌ ግን ገጹ ላይ ጎንበስ ብላ እፍ እፍ አለችበት፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።